ሌንስ ላለው ሰው ካሜራ ስለ መምረጥ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በፎቶግራፍ ክበብ አባላት ስም የተደረገ ንግግር



በዛሬው በዓል ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ዕድገት የሚናገሩ ከእኛ የተሻሉ ተናጋሪዎች ስላሉ፣ እኛ የምናውቀውን አንዲት ነገር ብቻ ይዘን ቀርበናል። ይህችውም ክበባችን አንድ ዲጂታል ካሜራ ለመግዛት ስምንት ወር ሙሉ የደከመበት ጉዳይ ናት። ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ገንዘቡ ግን ከእናንተ የተዋጣ ነው፤ ከፊሉም አንድ ወላጅ ለክበቡ የሰጡን ሙክት እሑድ ዕለት በሰንበቴ ገበያ ተሽጦ የተገኘ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በምን ላይ እንደ ዋለ፣ በስሕተታችንም ምን ያህሉ እንደ ባከነ መናገር ይገባናል።

ነገሩ የተጀመረው ይህ መጽሔት ሲታሰብ ነው። የመጽሔቱ ኮሚቴ የትምህርት ቤቱን የቀድሞ ፎቶግራፎች እንድንሰበስብ አዘዘን። እኛም ቀላል ሥራ መስሎን በየቤቱ ዞርን። ነገር ግን በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን በደረሰው ግጭት ቤቱን ጥሎ የሸሸ፣ ቤቱም የተቃጠለበት ብዙ ሰው እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲወጣ አልበም አይዝም። አንዲት እናት «የልጆቼን ሥዕል አትጠይቁኝ» ብለው ቡና አፍልተው ሸኙን። ከወር በላይ ዞረን ያገኘነው የትምህርት ቤቱ አሮጌ ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ሆነ። እርሱም ተማሪዎች ከክፍሉ ግድግዳ ሥር በሦስት ረድፍ ቆመው የተነሡት ነው።

ይህን ፎቶግራፍ ያነሡት በዚህ ትምህርት ቤት ለብዙ ዘመን ያስተማሩ አንድ መምህር ናቸው። ዛሬ በጡረታ ላይ ናቸው፤ ስማቸው እንዲጠራ ስላልፈለጉ አንጠራም። ልንጠይቃቸው ብንሄድ ከሣጥናቸው አንድ የፊልም ካሜራ ከሁለት ሌንስ ጋራ አወጡና «እኔ ዐይኔ ደክሟል፤ እናንተ ሥሩበት» አሉን። ካሜራው ኒኮን ኤፍኤም የተባለው ነው። ይህ ዐይነት ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ዛሬም ሲጫኑት መዝጊያው ጠብ ብሎ ይከፈታል። ነገር ግን ፊልም አጥቦ የሚያትም ፎቶ ቤት በአቅራቢያችን ስላላገኘን፣ ሌንሶቹን የሚቀበል ዲጂታል ካሜራ እንፈልግ ተባለ።

«ሁሉም ሰው ስልክ ይዞ ካሜራ ምን ያደርጋል?» ያሉን ወላጆች ነበሩ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በቀን ብርሃን፣ በቅርብ ለቆመ ሰው፣ ጥሩ ስልክ ያነሣው ሥዕል መልካም ነው። በአዳራሽ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሆኖ መድረክ ላይ የሚሸለመውን ልጅ ማንሣት ሲያስፈልግ ግን ስልኩ ይደክማል። ደግሞም ስልክ የሰው የግሉ ነው፤ ባለቤቱ ትምህርቱን ሲጨርስ ሥዕሉን ይዞት ይሄዳል። ካሜራውና ማኅደሩ የትምህርት ቤቱ ከሆኑ ሥዕሉም እዚሁ ይቀራል።

ወሬው ሲሰማ ሌሎች ሁለት ሌንሶች መጡልን። ስለዚህ አራት ሌንስና ባዶ እጅ ሆነን ቀረን። ጉዳዩን የሚከብደውም አራቱ አራት ጠባይ ስላላቸው ነውና አንድ በአንድ እንንገራችሁ።

የመምህራችን የመጀመሪያው ሌንስ ኒኮን 50 ሚሊ ሜትር ነው። ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው እስከ 1.8 ይከፈታል፤ ይህም ማለት በጭላንጭልም ይሠራል። የሚያጠራው በእጅ ነው። ሁለተኛው 135 ሚሊ ሜትር፣ የሩቁን የሚያቀርብ፣ ከፊተኛው በዕድሜ የሚበልጥና ከባድ ነው። ሦስተኛው ውጭ አገር የሚኖሩ አንድ የቀድሞ ተማሪ የላኩልን ኒኮን ከ35 እስከ 70 የሚለጠጥ ሌንስ ሲሆን፣ በራሱ የሚያጠራ፣ ሰዎች ኤኤፍ የሚሉት ዐይነት ነው። አራተኛው ሄሊዮስ የተባለ 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ይህን ያመጡት በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት የተማሩ አንድ ወላጅ ናቸው። ከሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ በሚባል ከተማ በተሠራው ዜኒት ካሜራ ላይ የነበረ ነው፤ ካሜራው ሞቷል፤ ሌንሱ ግን እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው።

እዚህ ላይ ባለ መስተዋት ካሜራ እንዴት እንደሚሠራ ላላዩት በአጭሩ እንግለጽ። ብርሃን በሌንሱ ገብቶ ከውስጥ በአግድም ዘመም ብሎ የተቀመጠ መስተዋት ያገኛል። መስተዋቱ ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ከላይ ያለው ባለ ብዙ ገጽ መስታወት ደግሞ ወደ ዐይናችን ያቀናዋል። ስለዚህ አንሺው የሚያየው ሌንሱ ራሱ የሚያየውን ነው። ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ ብድግ ይላል፣ መዝጊያው ይከፈታል፣ ብርሃኑም ድሮ ፊልም፣ ዛሬ ሴንሰር ከሚባለው ላይ ያርፋል። እንግዲህ በዲጂታል ዘመን የተለወጠው የኋላው ነው እንጂ የፊቱ ብዙ አልተለወጠም። የድሮ ሌንስ ዛሬ ሊሠራ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሊሠራ ይችላል አልን እንጂ ይሠራል አላልንም። የተሳሳትነውም እዚህ ላይ ነው።

ሌንሶቹ ኒኮን ናቸውና ኒኮን ካሜራ እንገዛለን ብለን በስልክ አንድ ነጋዴ አገኘን። የማንን ሱቅ እንደ ሆነ አንናገርም። ሰውየው «የኒኮን ሌንስ ሁሉ ለኒኮን ካሜራ ይሆናል» አለን። ዲ3200 የሚባለውን ትንሽና ቀላል ካሜራ ሥዕሉን ላከልን፤ አዲስ መሰለ፤ ባለ 24 ሚሊዮን ነጥብ ነው ሲለንም ዐይናችን ፈዘዘ። ቀብድ ላክን። ከዚያ በኋላ በአጋጣሚ አንድ የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ከከሚሴ መጥቶ ነበርና፣ ያንኑ ዐይነት ካሜራ ይዞ ስላየነው ሌንሶቻችንን እንድንሞክርበት ለመንነው። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ፈቀደልን።

50ው ገባ፤ ነገር ግን የካሜራው ብርሃን መለኪያ ጨርሶ ሥራውን አቆመ። ሁሉንም ነገር በግምት ካልሞላን በቀር አንዱ ሥዕል ጥቁር፣ ሌላው ነጭ እየሆነ ወጣ። ከ35 እስከ 70 ያለው ገባ፣ ብርሃኑም ተለካ፤ ግን በራሱ የሚያጠራው ሌንስ ፍንክች አላለም። 135ቱ ያለ ጉዳት ገባና እንደ 50ው ሆነ። ሄሊዮሱ ጭራሽ አልገባም። ፎቶ አንሺው ሥቆ፣ «ነጋዴው አልዋሸም፤ መግባትማ ይገባል» አለን። ቀብዳችንን ብንጠይቅ አይመለስም ተባልን። ከሙክቱ ዋጋ ግማሹ የሄደው እንዲህ ሆኖ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ቁጭ ብለን መማር የጀመርነው። ያገኘነውም ይህ ነው። ኒኮን የሌንስ መግጠሚያውን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ቅርጹ ከዚያ ወዲህ በባለ መስተዋት ካሜራዎቹ ላይ ያው ነው። ይሁን እንጂ በመግጠሚያው ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ነገሮች ተለዋውጠዋል። በ1977 ኤአይ የሚባል ዘዴ መጣ። በሌንሱ ላይ ያለው የብርሃን ቀለበት ሲዞር በካሜራው ላይ ያለችውን ትንሽ ምላስ እየገፋ ቀዳዳው የት ላይ እንዳለ ለመለኪያው ይነግራል። የመምህራችን 50 እንደዚህ ነው። በ1986 ደግሞ በራሱ የሚያጠራው መጣ። በዚያ ጊዜ ሞተሩ የነበረው በሌንሱ ሳይሆን በካሜራው ውስጥ ነው፤ ከካሜራው አፍ ላይ የምትወጣ እንደ ብሎን መፍቻ ያለች ዘንግ ሌንሱን ታዞረዋለች። ከ35 እስከ 70 ያለው ሌንሳችን ይህችን ዘንግ የሚፈልግ ነው። ኋላ ፋብሪካው ሞተሩን በሌንሱ ውስጥ ማስገባት ስለ ጀመረ፣ ከ2006ቱ ዲ40 አንሥቶ በርካሾቹ ካሜራዎች ላይ ዘንጊቱን አስቀራት። ዲ3200 ዘንጓም ምላሷም የሉትም።

እንግዲህ የምንፈልገው ዘንጓንም ምላሷንም የያዘ ካሜራ ነው። ዲ90ን ተመለከትን፤ ዘንግ አለው፣ ምላስ የለውም። ዲ7000፣ ዲ7100 እና ዲ7200 ሁለቱንም ይዘዋል። ከእነርሱ በኋላ በ2017 የወጣው ዲ7500 ምላሷን ጥሏታል! አዲሱን ቢገዛ የሚጎዳ ሰው እንዳለ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ከዚያም ከፍ ያሉት፣ እንደ ዲ300 ያለው አሮጌና እንደ ዲ750 ያለው ሰፊ ሴንሰር የያዘ፣ ሁለቱም አላቸው፤ ነገር ግን አንዱ አርጅቷል፣ ሌላው ከዐቅማችን በላይ ነው።

ነገሩ ያለቀ ሲመስል 135ቱ አስጨነቀን። ይህ ሌንስ ከ1977 በፊት የተሠራ ነው። የቀለበቱ ጫፍ ሙሉ ስለ ሆነ፣ በዲ7000 ላይ ቢጠመዘዝ ያችን ምላስ ይደፈጥጣታል። ማለት የማይሠራው ሌንስ በማይጎዳው ርካሽ ካሜራ ላይ በሰላም ይቀመጣል፤ በተሻለው ካሜራ ላይ ግን ይሰብራል። መምህራችን «እኔ ስንት ዘመን ስጠቀምበት አንድም ቀን አልሰበረብኝም» ቢሉን ግራ ገባን። ኤፍኤሙን አምጥተን ስናየው ምላሷ በጣት ተገፍታ ወደ ኋላ የምትተኛ ሆና አገኘናት። ከዲጂታሎቹ እንዲህ ያለች ተኚ ምላስ ያለው በ2013 የወጣው ዲኤፍ የተባለው ብቻ ነው፤ የእርሱን ዋጋ ሰምተን ዝም አልን።

በቤታችሁ አሮጌ የኒኮን ሌንስ ያላችሁ ይህን እዩ። በብርሃን ቀለበቱ ላይ ቁጥሮቹ በሁለት ረድፍ፣ ትልቁና ትንሹ ተጽፈው ከሆነ ኤአይ ነው፤ ያለ ፍርሃት ግጠሙት። አንድ ረድፍ ብቻ ከሆነና በላዩ ያለችው የብረት ጆሮ ቀዳዳ የሌላት ድፍን ከሆነች አሮጌው ነውና፣ ምላስ ያለው ካሜራ ላይ አታስጠጉት። ቀለበቱን በሞረድ ቆርጦ ማስተካከል እንደሚቻል ይታወቃል፤ ፋብሪካው ራሱ በዚያ ዘመን ይህን ያደርግ ነበር። እኛ ግን የመምህራችንን ሌንስ ለመሞረድ እጃችን አልታዘዘም። 135ቱ በቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከኤፍኤሙ ጋራ ተቀምጧል። በላዩም «በዲጂታሉ ላይ አይገጠምም» የሚል ቀይ ወረቀት ለጥፈናል።

በዚህ መካከል ከአባሎቻችን አንዷ «ኒኮን የግድ ነውን?» ብላ ጠየቀችና ክርክሩ ሦስት ሳምንት ፈጀ። እውነቱን ለመናገር የእርሷ ሐሳብ ከሁላችንም የጠለቀ ነበር። እያንዳንዱ ካሜራ ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ሴንሰሩ ድረስ የተወሰነ ርቀት አለው። በኒኮን 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። በብሎን ለሚታሰረው ለሄሊዮሱ ዐይነት 45.46 ነው። በካኖን ኢኦኤስ ግን 44 ብቻ ነው። አንድ ሌንስ ተራራውን አጥርቶ እንዲያይ ከሴንሰሩ በተሠራለት ልክ መራቅ አለበት። ከዚያ የራቀ እንደ ሆነ ቅርቡን ብቻ ያያል። ስለዚህ በካኖን ላይ ለኒኮን ሌንስ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ለሄሊዮሱ 1.46 ሚሊ ሜትር ቦታ ይተርፋል፤ በዚያች ቦታ ቀጭን የብረት ቀለበት ቢገባ ሌንሱ በትክክል ይቀመጣል። በኒኮን ላይ ግን ሄሊዮሱ ቀድሞውኑ ከልኩ አልፎ ሩቅ ስለሚሆን፣ ቀለበት ቢበጅለትም ከጥቂት ሜትር ወዲያ ያለውን አያጠራም። እንግዲህ አራቱንም ሌንስ፣ ያን ቁጡ 135ት ሳይቀር፣ የሚቀበል ካኖን ነው ማለት ነው! ለሌላው ኩባንያ ሌንስ እንዲህ ቸር የሆነው ካኖን ለራሱ አሮጌ ሌንሶች ግን ቸር አለመሆኑ ያስገርማል። በ1987 መግጠሚያውን ስለ ለወጠ፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ኤፍዲ የተባሉት ሌንሶቹ ውስጠኛ መስታወት ያለው ቀለበት ካልተጨመረላቸው በቀር በአዲሶቹ ላይ ሩቁን አያጠሩም። የኤፍዲ ሌንስ ያላችሁ ይህን ሳታውቁ ካኖን እንዳትገዙ።

ታዲያ ለምን ካኖን አልገዛንም? በቀለበት የገባ ሌንስ ከካሜራው ጋራ አይነጋገርም። ካሜራው ቀዳዳውን ራሱ ስለማይዘጋ፣ አንሺው አስቀድሞ በእጁ መዝጋት አለበት፤ ቀዳዳው ሲጠብ በመመልከቻው የሚታየው ሁሉ ይጨልማል። በራሱ የሚያጠራው ሌንሳችንም እንደ ሌሎቹ በእጅ የሚዞር ይሆናል። ክበቡ በዓመቱ አዳዲስ አባሎች የሚገቡበት ስለ ሆነ፣ ለጀማሪ ቢያንስ አንድ ቀላል ሌንስ መኖር አለበት አልን። ድምፅ ተሰጥቶ ኒኮን በዘጠኝ ለስድስት አሸነፈ። ስድስቱ ዛሬም ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ሄሊዮሱን ባየነው ቁጥር እኛም እንጠራጠራለን።

መስተዋት የሌላቸውን አዲሶቹን ካሜራዎች ለምን ተዋችሁ ለምትሉን፦ ለሌንስ ከሁሉ የሚመቹ እነርሱ ናቸው፤ መስተዋት ስለሌላቸው ርቀታቸው አጭር ነውና ማንኛውንም አሮጌ ሌንስ በቀለበት ይቀበላሉ። ነገር ግን ዋጋቸው ለእኛ ከበደ። ደግሞም ኒኮን ለእነርሱ በ2018 ያወጣው አስማሚ ያቺ ዘንግ የለችበትም። ሰዎች ወደ እነርሱ በመሄዳቸው ግን ባለ መስተዋቶቹ በብዛት ለሁለተኛ እጅ ገበያ መውጣታቸው ለእኛ ለድኾቹ ጠቅሞናል።

ከመምህር ጋራ ሁለት አባሎች ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ሌንሶቹን በጋቢ ጠቅልለው ይዘዋል። በዚህ ጊዜ ቀብድ የሚባል ነገር አልነበረም። ያየነው ዲ7000 በ2010 የወጣው ባለ 16 ሚሊዮን ነጥብ ነው፤ ከዲ3200 በነጥብ ያንሳል፣ ለእኛ ሌንሶች ግን ይበልጣል። በመጀመሪያ ሁለቱን ሌንሶች ገጥመን ሞከርን። ምላሷ እንዳልተጣመመች፣ ዘንጓም እንደምትዞር አየን። ቀጥሎ ቀዳዳውን እስከ 16 ዘግተን የሱቁን ነጭ ግድግዳ አነሣን፤ በሴንሰሩ ላይ ያለ ቆሻሻ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ የሚታየው እንዲህ ሲሆን ነው። ሦስት ነጠብጣብ ነበረ፤ ሻጩ በመንፊያ ነፍቶ ሁለቱን አጠፋ። ከዚያም መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ ጠየቅን፤ ይህ ቁጥር ካሜራው በሚያነሣው ሥዕል ፋይል ውስጥ ተሰውሮ ስለሚጻፍ በኮምፒውተር ይታያል። የዚህ ካሜራ መዝጊያ በፋብሪካው የተሞከረው ለ150,000 ጊዜ ነው፤ የእኛው ገና ከሩቡ በታች ነበር። ሻጩ ትዕግሥቱ አልቆ «ልጆች፣ ካሜራ ነው ወይስ ሙሽራ የምትመርጡት?» አለ። መምህራችን ገንዘቡን ቆጥረው ሰጡት።

ሲመለሱ ጣርማ በር ላይ ብርድ ነበረ። ሸዋ ሮቢት ወርደው ካሜራውን ለማየት ከቦርሳው ቢያወጡት ሌንሱ በጤዛ ተሸፈነ፤ ከብርድ የመጣ መስታወት ሞቃት አየር ሲያገኝ ያልበዋልና። በቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ ቀስ ብሎ እስኪሞቅ መተው ነበረበት። ያን ቀን ግን ካሜራው ተበላሸ ተብሎ አንዲት አባል አልቅሳለች፤ ማን እንደ ሆነች ራሷ ታውቃለች።

ሁለተኛው ድንጋጤ እዚሁ ደረሰ። ከ35 እስከ 70 ያለውን ሌንስ ስንገጥም መስኮቱ ላይ «ኤፍ-ኢ-ኢ» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ድርግም እያለ ካሜራው አልሠራ አለ። ሁለት ቀን ከተጨነቅን በኋላ የብርሃን ቀለበቱ በመጨረሻው ትንሹ ቀዳዳ፣ በእኛ ሌንስ 22 ላይ፣ መቆም እንዳለበት አገኘን። ለ50ው ደግሞ በካሜራው ዝርዝር ውስጥ ገብቶ «50» እና «1.8» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያሉ አሮጌ ሌንሶችን እስከ ዘጠኝ ድረስ በስም ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ቀለበቱን በእጅ እያዞሩ ብርሃኑን ለካሜራው መተው ይቻላል። ማጥራቱ በእጅ ነው፤ ሲጠራ በመመልከቻው ጥግ አረንጓዴ ነጥብ ይበራል።

ካሜራውን የፈተንነው በእሑድ ገበያ ነው። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አፋሩና አርጎባው ከያለበት በሚገናኝበት በዚያ ግርግር ሌንስ መለወጥ ምን ማለት እንደ ሆነ በመጽሐፍ አይገኝም። ከብቱ የሚያስነሣው አቧራ ተከፍቶ የተገኘውን ካሜራ ሁሉ ይጎበኛል። አንዱ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ ነጠላ ይዘረጋል፣ ሌላው በነጠላው ሥር የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍቶ ይለውጣል። ይልቁንም ከቤት ሲወጡ አንዱን ሌንስ ገጥሞ በእርሱ መዋል ይሻላል። ለገበያ የመረጥነው 50ውን ነው። ፀሐይ ሳትበረታ፣ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ያለው ብርሃን ለፊት ይመቻል፤ እኩለ ቀን ሲሆን ጥላው ዐይንን ይሸፍናል።

ሳናስፈቅድ ማንንም አላነሣንም። አንድ ግመል ይዘው የመጡ የአፋር አዛውንት በአስተርጓሚ ሐሳባችንን ሰምተው «ሥዕሌን ትወስዳላችሁ፤ ለእኔስ ምን ትተዋላችሁ?» አሉን። አሳትመን በሚቀጥለው እሑድ እንደምናመጣላቸው ቃል ገባን። እሑድ ይዘን ብንሄድ አልመጡም፤ በሦስተኛው እሑድ አገኘናቸው። ሥዕሉን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩትና በሽርጣቸው እጥፋት ውስጥ ከተቱት።

በዚህ አጋጣሚ ያልጠበቅነውን አንድ ነገር ተማርን። የዲ7000 ሴንሰር ከፊልሙ ያንሳል። ፊልሙ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሴንሰሩ 23.6 በ15.6 ያህል ነው። ሌንሱ የሚያመጣው ሥዕል ያው ነው፤ ዳሩ ግን ይቆረጣል። ስለዚህ 50ው በፊልም ላይ 75 የሚባል ሌንስ የሚያየውን ያህል ብቻ ያያል፤ ከ35 እስከ 70 ያለውም ከ52 እስከ 105 ያለውን ይሆናል። ለፊት ሥዕል ይህ መልካም ነው። ክፍል ውስጥ ግን መላውን ክፍል ለማንሣት ፎቶ አንሺው በበሩ ወጥቶ በረንዳ ላይ ቆሟል። ስለዚህ አሮጌ ሌንስ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ካሜራ ሲገዛ የሰፋ ነገር እንደሚጎድለው አስቀድሞ ይወቅ፤ ከ18 እስከ 55 ያለው ተራ ሌንስ ቢጨመር ይበቃል፣ እርሱም በሁለተኛ እጅ ርካሽ ነው። እኛ ገና አልገዛንም። ሌላ ሙክት ያለው ወላጅ ካለ አንከለክልም።

በዚህ መጽሔት መካከል ጎን ለጎን የታተሙትን ሁለት ሥዕሎች ታያላችሁ። አንዱ ከብዙ ፍለጋ በኋላ የተገኘው የቀድሞው ነው። ሁለተኛውን ዘንድሮ በዚያው ግድግዳ ሥር፣ በሦስት ረድፍ፣ በዚያው በመምህራችን 50 ሌንስ አንሥተነዋል። መምህራችንን ወንበር አውጥተን አስቀምጠናቸው ነበር። እርሳቸውም በዚያ ጊዜ የቆሙበትን ስፍራ፣ ከግራሩ ሥር፣ በበትራቸው አሳዩን። እዚያ ቆመን በካሜራው ብንመለከት ከሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት ልጅ ተቆረጠብን። ወደ ኋላ ሄድን፤ አሁንም አልበቃም። እየሄድን እየሄድን ጀርባችን ከአጥሩ ጋራ ሲጋጭ የመጨረሻዋ ልጅ ገባች። መምህራችን ከወንበራቸው ሆነው «ያ ግራር ባይኖር የት ትደርሱ ነበር?» ብለው ሣቁ፤ ሥዕሉም የተነሣው እርሳቸው ሲሥቁ፣ ልጆቹም ወደ እርሳቸው ሲመለከቱ ነው።

 ካሜራውና ሦስቱ ሌንሶች ከአዳራሹ በር አጠገብ በጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ መንካት ይቻላል። 135ቱን ግን ከኤፍኤሙ ላይ አትንቀሉብን።